ሞሊ ማጂያን የገደላት ምን ነበር? ስለ ራዲየም ቀቢዎቹ የምታውቁ አብራሩልኝ

የታሪክ አንባቢ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አሚሊያ ማጂያ ነው፤ ቤተሰቦቿ ሞሊ ይሏት ነበር። ወላጆቿ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ናቸው። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ኦሬንጅ በተባለች ከተማ፣ በጨለማ የሚያበራ የራዲየም ቀለም በሰዓት ገጽ ላይ ትቀባ ነበር። እህቶቿ ኩዊንታ እና አልቢናም እዚያው ሠርተዋል። ጥርሷን አመማት፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ሞተች። በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነበረች። የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ቂጥኝ ነው።

ያልገባኝ ብዙ ነው። ቀለሙን ለምን በአፋቸው ነኩት? ሌላ መንገድ አልነበረም? መርዙ መላ አካል ውስጥ ከገባ ለምን ከመንጋጋ ጀመረ? ቂጥኝ አለመሆኑስ ከሞተች ከዓመታት በኋላ በምን ተረጋገጠ? ከፋብሪካው ካሳ የተቀበለ ሰው ካለም ማወቅ እፈልጋለሁ። ጠቅለል ያለ ታሪክ በየቦታው አለ፤ እኔ የምፈልገው አሠራሩን ነው።

---

ሰዓት ጠጋኝ መለሰ፦

ከሥራው ልጀምር፤ ሥራው ካልገባ ሌላው አይገባም።

ቀለሙ የሚዘጋጀው ከሦስት ነገሮች ነው፦ ዚንክ ሰልፋይድ የሚባል ዱቄት፣ በጣም ጥቂት የራዲየም ጨው፣ እና ለማጣበቂያ የግራር ሙጫ በውሃ። የሚያበራው ራዲየሙ አይደለም። ራዲየሙ ያለማቋረጥ ቅንጣት ይተኩሳል፤ ቅንጣቱ የዚንክ ሰልፋይዱን ክሪስታል ሲመታው ክሪስታሉ ብልጭ ይላል። እያንዳንዷ ሠራተኛ ዱቄቱን ራሷ በትንሽ ጽዋ ታቦካው ስለነበር ብናኙ ፀጉር ላይ፣ ልብስ ላይና ጠረጴዛ ላይ ያርፍ ነበር። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ልብሳቸው ያበራ ነበር የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ እውነት ነው።

ሥራው በሰዓቱ ገጽ ላይ ያሉትን ቁጥሮች መሙላት ነው። በእጅ ሰዓት ላይ የቁጥሩ መስመር ከአንድ ሚሊሜትር ይቀጥናል። ብሩሹ ጥቂት የግመል ፀጉር ያለው ቀጭን ብሩሽ ነው። ሙጫ ያለበት ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ ከጥቂት ጭረት በኋላ ፀጉሩ ይበተናል፤ የተበተነ ብሩሽ ደግሞ ከመስመር ይወጣል፣ ገጹም ይበላሻል። ስለዚህ ጫፉን ማሾል ግድ ነው። አሠልጣኞቹ ያስተማሩት መንገድ ይህ ነበር፦ በከንፈር አሹል፣ ቀለም ንከር፣ ቀባ። አፍ ሞቃትና እርጥብ በመሆኑ ፀጉሩን ወዲያው ይሰበስበዋል። ውሃ ውስጥ ማጠብም ሆነ በጨርቅ መጥረግ ይቻል ነበር፤ ግን በውሃውና በጨርቁ ላይ የሚቀረው ራዲየም ለኩባንያው ኪሳራ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ግራም ራዲየም ከ100,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በአፍ የገባውን ግን ማንም አልቆጠረውም።

ክፍያው በቁጥር ነበር፤ ለአንድ ገጽ አንድ ሳንቲም ተኩል አካባቢ። ፈጣን ሠራተኛ በቀን 250 ገጽ ትጨርሳለች። የሞሊ የሥራ ባልደረባ ግሬስ ፍራየር ለአንድ ገጽ ስድስት ጊዜ ያህል ብሩሹን ወደ አፏ እንደምታስጠጋ ተናግራለች። አባዙት፦ በቀን 1,500 ጊዜ ነው። ሞሊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ጀምሮ ለዓመታት ሠርታለች።

«ሌላ መንገድ አልነበረም?» ላልከው፣ ነበረ። ስዊሶች ለዚሁ ሥራ የመስታወት ዘንግ ይጠቀሙ ነበር። ዘንግ አይበተንም፤ ስለዚህ የሚያሾል አፍ አያስፈልገውም። ፍጥነቱ ግን ከብሩሽ ያንሳል፤ በቁጥር ለሚከፈላት ሴት ደግሞ መዘግየት ማለት ደሞዝ መቀነስ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ የአፍ ልማዱን በቦታው ያቆየው የክፍያው ዓይነት ነው።

---

ከላቦራቶሪ መለሰ፦

ወንድሜ ሰዓት ጠጋኝ የሥራውን አስረድቷል፤ እኔ ከተዋጠ በኋላ ያለውን ልንገርህ።

ራዲየም በኬሚስትሪ ባሕርዩ የካልሲየም ዘመድ ነው። ሁለቱም በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ በአንድ ቋሚ ረድፍ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሰውነት አይለያቸውም። ከተዋጠው ውስጥ አብዛኛው በአንጀት አልፎ በሰገራ ይወጣል፤ ወደ ደም የሚገባው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ከዚያም ብዙው በኩላሊትና በአንጀት እንደገና ይወጣል። የቀረው ግን አጥንት ውስጥ እንደ ካልሲየም ተገንብቶ ይቀመጣል። ራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ፣ 1,600 ዓመት ነው። ይህ ማለት በሰው ዕድሜ ሲለካ አይቀንስም ማለት ነው።

አንድ ሚሊዮንኛ ግራም ራዲየም በሰከንድ 37,000 ያህል አልፋ ቅንጣት ይተኩሳል። በቀን ከሦስት ቢሊዮን በላይ ነው። አልፋ ቅንጣት ከቆዳ ውጭ ቢሆን ወረቀት ያቆመዋል፤ የሞተውን የቆዳ ሽፋን እንኳ አያልፍም። ችግሩ አጥንት ውስጥ ሲቀመጥ ነው። የሚጓዘው ርቀት ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነውና ጉልበቱን በሙሉ አጠገቡ ባሉት ሕዋሳት ላይ ያራግፋል። አጠገቡ ያሉት ደግሞ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት፣ አጥንቱን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮችና ደም የሚያመርተው መቅኔ ናቸው። አጥንቱ ይሞታል፣ ይሰበራል፤ መቅኔው ሲደክም የደም ማነስ ይመጣል፤ ይህን ሁሉ ያለፈችውንም ከዓመታት በኋላ የአጥንት ካንሰር ሊይዛት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የኦሬንጁ ቀለም ውስጥ ሜሶቶሪየም የሚባል ሌላ ንጥረ ነገርም ይጨመር ነበር፤ እሱ ራዲየም 228 ነው። ግማሽ ዕድሜው 6 ዓመት ስለማይሞላ ጉልበቱን በፍጥነት ያወጣል፤ ሲፈርስ የሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮችም አልፋ ይተኩሳሉ። ኒው ጀርሲ ላይ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲያ የተፋፋመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

---

ድድና አጥንት መለሰ፦

ከመንጋጋ ለምን ጀመረ ላልከው።

መንጋጋ ከሌላው አጥንት የሚለይባቸው ነገሮች አሉ። ማኘክ ስላለ ያለማቋረጥ ይፈርሳል ይገነባል፤ ስለዚህ ካልሲየም መሳይ ነገር በብዛት ይወስዳል። የሚሸፍነው ድድ ስስ ነው። ከሁሉም በላይ ጥርስ አጥንቱን በቀጥታ በባክቴሪያ ከተሞላ አፍ ጋር ያገናኘዋል። የጭን አጥንት ቢሞት ጡንቻና ቆዳ ይሸፍነዋል፤ የመንጋጋ አጥንት ሲሞት ግን ወዲያው ይመረቅዛል።

በጤነኛ ሰው ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፣ ደሙ ይረጋል፣ በሳምንታት ውስጥ አዲስ አጥንት ይተካል። ይህ እንዲሆን በሕይወት ያለ ሕዋስና የደም ሥር ያስፈልጋል። የሞሊ ጉድጓድ አልዳነም፤ መግል ያዘ። ጆሴፍ ኔፍ የሚባለው የጥርስ ሐኪም የሚቀጥለውን ጥርስ ነቀለ፤ እሱም አልዳነም። በዘመኑ ዕውቀት የሕመሙን ምንጭ ማስወገድ ትክክለኛ ሕክምና ነበር፤ በሞተ አጥንት ላይ ግን እያንዳንዱ ነቀላ ለባክቴሪያ አዲስ በር ይከፍታል። በ1922 ሜይ ወር ኔፍ መንጋጋዋን ሲነካው ተሰበረ፤ ቁራጩን ያወጣው በመሣሪያ ቆርጦ ሳይሆን በጣቱ ብቻ ነው። ከዚያ ቁስሉ ወደ ታች ወረደ፤ ሴፕቴምበር ላይ በአንገቷ ያለውን ትልቁን የደም ሥር በላው፣ በደም መፍሰስ ሞተች።

ኔፍ አልተኛም ነበር። በመጀመሪያ የጠረጠረው ፎስፈረስ ነው፤ ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። ነጭ ፎስፈረስ በክብሪት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ በትክክል ይህን የመሰለ የመንጋጋ ሞት ያመጣ ነበር፤ አሜሪካ በ1912 በከባድ ግብር ከገበያ ያስወጣችው ለዚህ ነው። የቀለሙን ይዘት ከኩባንያው ጠይቆ ተከለከለ። ስለ ቀለሙ በትክክል ቢነገረው ሞሊን ያድናት ነበር ማለት አይደለም፤ አጥንት ውስጥ የገባን ራዲየም የሚያወጣ መድኃኒት አልነበረም። ሌሎቹ ሴቶች ግን ቢያውቁ ኖሮ ብሩሹን ከአፋቸው ያወጡት ነበር።

«ቂጥኝ» ከየት መጣ? ቂጥኝ በመጨረሻ ደረጃው አጥንትና የአፍ ጣሪያ ይበላል፤ በዚያ ዘመን ምክንያቱ ላልታወቀ የአፍ ቁስል ሐኪም ቶሎ የሚያስበው በሽታ ነበር። ባል ያላገባች፣ ብቻዋን ደሞዟን ይዛ የምትኖር ሠራተኛ ስትሆን ደግሞ ሐኪሙ ሁለቴ አላሰበም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የሞተችበት ሳያንስ ቤተሰቦቿ ምክንያቱን ለሰው መናገር የሚያፍሩበት ሆነ፤ ኩባንያውም ኋላ ላይ ይህችን ወረቀት እንደ መከላከያ ተጠቀመባት።

ለዛሬ የጥርስ ሐኪሞች ጉዳዩ የሞተ ታሪክ አይደለም። ለአንገትና ለራስ ካንሰር ጨረር የወሰደ ታካሚ፣ ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ተመሳሳይ አደጋ አለበት። ስለዚህ መነቀል ያለበት ጥርስ ከጨረሩ በፊት ይነቀላል፣ ቁስሉ እስኪድን ይጠበቃል፤ ከጨረሩ በኋላ ደግሞ የሚቻለው ጥርስ ሁሉ ሳይነቀል ይታከማል። ለጥርስ ሐኪማችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ።

---

ከላቦራቶሪ መለሰ፦

ማስረጃው እንዴት እንደተገኘ እኔ ልቀጥል።

በኤሴክስ ካውንቲ የሬሳ መርማሪ የነበረው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1925 ሁለት ዘዴ አወጣ። በሕይወት ላሉት፦ ራዲየም ሲፈርስ ሬዶን ጋዝ ይሆናል፣ ሬዶን ደግሞ ወደ ደም ገብቶ በሳንባ ይወጣል። ስለዚህ ሴትዮዋ ወደ ኤሌክትሮስኮፕ ትተነፍሳለች፤ በመሣሪያው ያለው የኤሌክትሪክ ሙሌት ከተለመደው ፈጥኖ ከወረደ በትንፋሹ ውስጥ ጨረር አለ። ስህተት የሚገባው ከልብስና ከፀጉር በሚነሳ ብናኝ ስለሆነ መታጠብና ልብስ መቀየር ግድ ነው፤ አለዚያ መሣሪያው የሚለካው ብናኙን ይሆናል።

ለሞቱት፦ አጥንቱ ይጸዳል፣ በጨለማ ክፍል ፎቶ ፊልም ላይ ይቀመጣል፣ ቀናት ይጠበቃል። ፊልሙ ሲታጠብ አጥንቱ ራሱን በራሱ ፎቶ አንስቶ ይገኛል። ሌላው አጥንቱን አቃጥሎ አመዱን በመሣሪያ መለካት ነው። ማርትላንድ ውጤቱን ከኔፍና ከሌላ ሐኪም ጋር በዚያው ዓመት ዲሴምበር በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተመ።

የሞሊ አስከሬን ከመቃብር የወጣው ኦክቶበር 15 ቀን 1927 ነው። አምስት ዓመት መሬት ውስጥ መቆየቱ ለምርመራው አልጎዳም፤ ሥጋ ይበሰብሳል እንጂ አጥንት ውስጥ ያለ ራዲየም የትም አይሄድም። የተመረመረው አጥንትና ሕብረ ሕዋስ ሁሉ ጨረር ነበረው። የቂጥኝ ምልክት አልተገኘም። ያ ምርመራ ለእህቶቿም ነበር፤ ኩዊንታና አልቢና በዚያ ጊዜ ራሳቸው ታመው ክስ ላይ ነበሩ።

---

የታሪክ አንባቢ ጻፈ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ኩባንያው ያውቅ ነበር? ካሳውስ?

---

የይርጋ ነገር መለሰ፦

በፋብሪካው ላቦራቶሪ የሚሠሩት ኬሚስቶች የእርሳስ መከለያና መቆንጠጫ ይጠቀሙ ነበር። ራዲየም ሥጋ እንደሚያቃጥል ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው። መከለያው ለቀቢዎቹ አልደረሰም። በ1924 ደግሞ ኩባንያው ራሱ የሃርቫርዱን ሴሲል ድሪንከርን ቀጥሮ አስመረመረ። ድሪንከር ብናኙ በሠራተኞቹ ቆዳ ላይ ሲያበራ አገኘ፣ ደማቸውም ጤነኛ አለመሆኑን ጻፈ፣ ጥፋቱን ራዲየሙ ላይ አደረገ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት አርተር ሮደር ሪፖርቱን አፍኖ፣ ለግዛቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ጤነኛ እንደሆኑ የሚያስመስል ነገር አስተላለፈ። ስለዚህ ቢያንስ ከ1924 በኋላ «አላወቅንም» አያስኬድም።

ሕጉ ግን ለከሳሾቹ ጠባብ ነበር። የኒው ጀርሲ የካሳ ሕግ የሥራ በሽታዎችን በዝርዝር ያስቀምጣል፤ በዝርዝሩ የሌለ አይካስም። የራዲየም የአጥንት ሞት የተጨመረው በ1926 ነው፤ እነ ሞሊ ከሥራ ከወጡ በኋላ። የቀረው መንገድ መደበኛ ክስ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሁለት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ አለበት። ጉዳቱ ዛሬ ይደርሳል፣ ሕመሙ ከአምስት ዓመት በኋላ ይታያል፣ ይርጋው ግን ሳይታወቅ አልፏል። ግሬስ ፍራየር ፋብሪካውን ለቃ ባንክ የገባችው በ1920 ነው፤ የሚከስላት ጠበቃ ስታገኝ 1927 ሆኗል። ሬይመንድ ቤሪ የተባለው ወጣት ጠበቃ ያቀረበው ክርክር ይርጋው መቆጠር ያለበት ሴቶቹ ምክንያቱን ካወቁበት ቀን ነው የሚል ነበር። ሌላም ጨመረ፦ ራዲየሙ ዛሬም አጥንታቸው ውስጥ ነው፣ ዛሬም እየጎዳቸው ነው፤ ጉዳቱ አልቆመምና ይርጋው አልጀመረም። ከላይ ያለው የላቦራቶሪ ማብራሪያ ለጠበቃው ሥራ ምን ያህል እንደጠቀመ እዚህ ላይ ይታያል።

ከሳሾቹ አምስት ነበሩ፦ ግሬስ ፍራየር፣ ካትሪን ሾብ፣ ኤድና ሁስማን፣ ኩዊንታና አልቢና። ፍርድ ቤቱ በ1928 ኤፕሪል ወር ላይ ጉዳዩን ወደ ሴፕቴምበር ሲያስተላልፍ ጋዜጦች ጮኹ፤ ከሳሾቹ እስከዚያ በሕይወት መቆየታቸው ያጠራጥር ነበርና። በጁን ወር በስምምነት አለቀ፦ ለእያንዳንዷ 10,000 ዶላር፣ በየዓመቱ 600 ዶላር፣ የሕክምና ወጪና የጠበቃ ክፍያ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም፤ ስምምነት ስለሆነም ለቀጣይ ከሳሾች የሚያገለግል ፍርድ አልተሰጠም። ኩዊንታ በ1929፣ ካትሪን ሾብና ግሬስ በ1933 ሞቱ። ዓመታዊው ክፍያ በሕይወት እስካሉ ብቻ የሚከፈል ስለነበር ኩባንያውን ብዙ አላስወጣውም።

ፍርድ የተገኘው ኋላ ላይ በኢሊኖይ ነው። ኦታዋ በምትባል ከተማ ሌላ ኩባንያ ሲያስቀባቸው የነበሩ ሴቶች በካትሪን ዶኖሁ ስም አቤት አሉ። ዶኖሁ በ1938 ከቤቷ መኝታ ላይ ሆና ምስክርነት ሰጠች፤ አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሞተች። ኩባንያው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብሎ በ1939 ውድቅ ሆነበት።

---

ከላቦራቶሪ መለሰ፦

አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምር። በ1941 በአሜሪካ ለሠራተኛ የተፈቀደው ከፍተኛ የራዲየም ክምችት በሰውነት ውስጥ 0.1 ማይክሮግራም ተብሎ ተወሰነ፤ የአንድ ግራም አሥር ሚሊዮንኛ መሆኑ ነው። ወሰኑ የወጣው ከእነዚህ ሴቶች ሰውነት ተለክቶ ነው። በአቶሚክ ቦምብ ሥራው ዘመን ለፕሉቶኒየም የተሰላው ወሰንም ከዚሁ ተነስቷል። ከጦርነቱ በኋላ አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ በሕይወት የነበሩትን ለአሥርተ ዓመታት ተከታተለ። በትክክል ከተለኩት 2,383 ሰዎች ውስጥ 64ቱ የአጥንት ካንሰር ይዟቸዋል፤ ሁሉም አጥንታቸው ከ10 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በላይ ጨረር የደረሰበት 264 ሰዎች ውስጥ ናቸው። ከዚያ በታች ባሉት አንድም አልተገኘም። ብሩሽ በአፍ ማሾል ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሲቆም የሚዋጠው ራዲየም ስለቀነሰ አደጋው ለምን እንደወረደ ከዚህ ይገባል።

---

ሰዓት ጠጋኝ መለሰ፦

ይህን ሁሉ አንብባችሁ የአያታችሁን አሮጌ ሰዓት ለማየት መሳቢያ የምትከፍቱ ትኖራላችሁ፤ ስለዚህ ጥንቃቄውን ልጻፍ። በራዲየም መቀባት እስከ 1960ዎቹ ቀጥሏል። ገጹ ላይ ከታች «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ትሪቲየም (ጨረሩ ደካማ የሆነ የሃይድሮጅን ዓይነት) ነው፣ ያን ያህል አያሳስብም። ምልክት ከሌለውና ከዚያ ዘመን በፊት ከተሠራ፣ ቁጥሮቹ ወደ ቡኒ ካደሉ፣ ቀስቶቹ ለረጅም ጊዜ ባረፉበት ቦታ ገጹ ተቃጥሎ ጥላ ከያዘ፣ ራዲየም ነው ብላችሁ ያዙት። አለማብራቱ አያታልላችሁ። ያረጀው ዚንክ ሰልፋይዱ ነው፤ ራዲየሙ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው ማለት ይቻላል።

መስታወቱ እስከተዘጋ ድረስ አልፋው አይወጣም። መስታወቱን አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ፣ በሱ ላይ አትንፉ። የደረቀ ቀለም ይፈረፈራል፤ አደጋው ያ ፍርፋሪ ወደ አፍና ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። ከተፈረፈረ በቫኪዩም አትጥረጉ፣ ቫኪዩም ብናኙን በቤት ውስጥ ይበትነዋል። ጓንት አድርጉ፣ በእርጥብ ወረቀት ጥረጉ፣ ወረቀቱንና ጓንቱን በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ክተቱ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ብዙ ሰዓት የምትሰበስቡ ከሆነ ሬዶኑ እንዳይጠራቀም አየር በሚዘዋወርበት ክፍል አስቀምጡ፤ መኝታ ቤት አይሁን። ለጠጋኝ ስትሰጡ ራዲየም መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ገጹን በአልኮል ሊያጸዳው ወይም ቀስቱን በጥርሱ ሊይዝ ይችላልና።